ጊዜ አላጣራቸውም፤ ሰው ነው የጣላቸው

ሰሞኑን አንድ የክላሲካል ሙዚቃ ፖድካስት ስሰማ ደሜ ፈላ። ወሬው ስለ 20ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ሙዚቃ ነው። አራት አቀናባሪዎች፣ ኮፕላንድ፣ ገርሽዊን፣ ባርበር፣ በርንስታይን ተባለና አለቀ። አዘጋጁ ስለተረሱት ሌሎች አቀናባሪዎች ሲጠይቀው እንግዳው ምን ቢል ጥሩ ነው? "ጊዜ ወንፊት ነው፤ የማይረባውን ጥሎ የሚረባውን ያስቀራል።" አዘጋጁም "ልክ ነህ" ብሎ አለፈ።

ምኑ ነው ልክ?

ወንፊት በራሱ አይነፋም፤ የሚይዘው እጅ አለ። ጥቁር አሜሪካዊቷን አቀናባሪ ፍሎረንስ ፕራይስን እንውሰድ። በ1933 (እ.ኤ.አ.) የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በፍሬዴሪክ ስቶክ መሪነት የመጀመሪያ ሲምፎኒዋን ተጫወተላት። አንድ ትልቅ የአሜሪካ ኦርኬስትራ የጥቁር ሴት ሲምፎኒ ሲጫወት ያ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ በሮች ተዘጉ። በ1943 ለቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ መሪ ለኩሴቪትስኪ ደብዳቤ ጻፈች። ሁለት እንቅፋት አለብኝ፣ ሴትነቴና ዘሬ፣ ብላ ሳትሸፋፍን ነገረችው። ሥራዬን እይልኝ አለችው። አልተጫወተላትም። በ1953 ሞተች።

2009 ላይ ደግሞ ሴንት አን በምትባል የኢሊኖይ ትንሽ ከተማ ባልና ሚስት አንድ የተተወ ቤት ሊያድሱ ይገባሉ። የፕራይስ የበጋ ማረፊያ የነበረ ቤት ነው። ወሮበሎች አተራምሰውታል፤ ዛፍ ወድቆ ጣሪያውን በስቶታል። ዝናብ ባልደረሰበት በኩል ግን ክምር ወረቀት ተቀምጧል። ሁለት የቫዮሊን ኮንሰርቶዎችና አራተኛው ሲምፎኒዋ እዚያ ውስጥ ነበሩ። እስቲ ንገሩኝ፣ እዚህ ላይ አጣሪው ማነው? ዛፉ? ትንሽ ወዲህ ብሎ ቢወድቅ ኖሮ እኮ ይሄ የፖድካስቱ እንግዳ ዛሬ "አራተኛው ሲምፎኒ ስለማይረባ ነው የጠፋው" ሊለን ነበር!

በ2022 የፊላዴልፊያ ኦርኬስትራ አንደኛና ሦስተኛ ሲምፎኒዋን የቀረጸበት አልበም ግራሚ ወሰደ። ኖታው ያው የድሮው ኖታ ነው፣ ማንም መጥቶ አላሻሻለውም። የተቀየረው የሚጫወተው ሰው ፈቃድ ነው።

እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ዙሪያ ጥምጥም ነው። የተቀረጸ ድምፅ የለም፣ ስለዚህ ማንም አይሰማውም፤ ማንም ስለማይሰማው ኦርኬስትራው ፕሮግራሙ ውስጥ አያስገባውም፤ ስለማይጫወተው ደግሞ ማንም አይቀርጸውም፤ ከዚያ ሃምሳ ዓመት ያልፍና አንዱ ማይክ ይዞ "ጊዜ ፈርዷል" ይለናል። ጊዜ ምንም አልፈረደም። ጉዳዩን የሚያየው ጠፍቶ መዝገቡ ሳይከፈት ነው የተዘጋው።

የሌላው ጥቁር አሜሪካዊ አቀናባሪ የዊሊያም ዶውሰን ነገርም ያው ነው። ሲምፎኒውን በ1934 የኦርኬስትራ መሪው ስቶኮቭስኪ ከፊላዴልፊያ ኦርኬስትራ ጋር አቀረበለት፤ አዳራሹ መሃል ላይ ሳያስችለው አጨበጨበ። ስቶኮቭስኪ ራሱ በሸክላ ያስቀረጸው ግን በ1963 ነው። በመሃል ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው! ዶውሰን ሌላ ሲምፎኒ ሳይጽፍ ሞተ። ሁለተኛውን ክፍል ስሙትና ከኮፕላንድ ሦስተኛ ሲምፎኒ ጋር አወዳድሩት። እኔ ዶውሰንን እመርጣለሁ፣ ለዚህ ደግሞ የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም።

ጁሊየስ ኢስትማን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ አቀናባሪማ ከኒው ዮርክ ቤቱ ሲባረር ኖታዎቹ ከዕቃው ጋር ነው የጠፉት። የእሱን ሥራ ያጣራው ቤት አስለቃቂው ነው ማለት ነው። በ1990 ሞተ። ሜሪ ጄን ሊች የምትባል አቀናባሪ ስንት ዓመት የቴፕ ቅጂ ስትለቃቅም ኖራ በ2005 ሦስት ሲዲ ወጣለት። አንዲት ሴት ግትር ባትሆን ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያነሳ አይኖርም ነበር።

ገንዘብም አለ። ኬንታኪ ውስጥ ያለው የሉዊቪል ኦርኬስትራ በ1953 ከሮክፌለር ፋውንዴሽን 400,000 ዶላር አገኘና አዳዲስ ሥራ እያዘዘ፣ እየተጫወተ፣ በራሱ ሸክላ እያወጣ ቀጠለ። ብሩ ሲገኝ አቀናባሪው "ተገኘ"። ኮሎምቢያ የተባለው የሸክላ ኩባንያ በ1970ዎቹ በፖል ፍሪማን መሪነት የጥቁር አቀናባሪዎችን ተከታታይ ሸክላ ካወጣ በኋላስ? ስብስቡ ሙሉ ሆኖ በሲዲ የወጣው በ2019 ነው። አርባ ዓመት መጋዘን ያስቀመጠው እንግዲህ የሽያጭ ክፍል ይሆናል እንጂ የሰው ጆሮ አይደለም።

የተረሳ ሁሉ ዕንቁ ነው አላልኩም። ከሉዊቪል ሸክላዎች መካከል እንቅልፍ የጣሉብኝ አሉ። ግን ቤትሆቨንም "የዌሊንግተን ድል" የሚባል የመድፍ ጩኸት ጽፏል፤ እስከ ዛሬ ይቀረጻል፣ ይሸጣል። ወንፊቱ ያኔ የት ሄዶ ነበር?

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ሌላም የሚያናድድ ነገር አለ። ግብፅ ተወልዶ አሜሪካዊ የሆነው ሃሊም ኤል ዳብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ክራሩን፣ መሰንቆውን፣ በገናውንና ዋሽንቱን አንድ መድረክ ላይ አሰባስቦ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመ ሰው ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1944፣ ካይሮ ውስጥ የዛር ሥርዓት በሽቦ መቅረጫ ቀድቶ ድምፁን እየቀያየረ ሙዚቃ ሠርቶበታል፤ ፓሪስ ውስጥ የነበሩት አቀናባሪዎች በዚህ ዓይነቱ ሥራ ስማቸው ከመነሳቱ ከዓመታት በፊት። በፖድካስቱ ላይ ስሙን ያነሳ የለም። "ለይላና ገጣሚው" የተባለችው የኤሌክትሮኒክ ሥራው በ1964 በኮሎምቢያ ሸክላ ወጥታለች፤ አጭር ናት፣ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ትገኛለች። መጀመሪያ እሷን ስሟት፣ ከዚያ ዶውሰንን።