ቼዝ ልንጫወት ነው ያልነው!

አሁን ገና ቤት ገባሁ። ጫማዬን እንኳን አላወለቅሁም። ይሄን ሳልጽፍ ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም። ረጅም ነው፣ የሰለቸው ይለፈው።

ልጆቹን ታውቋቸዋላችሁ። የኛ ብሎክና የፊት ለፊቱ ብሎክ ልጆች፣ ሰባት ናቸው። ትንሹ 12 ዓመቱ ነው፣ ትልቁ 17። ክረምት ከገባ ጀምሮ ትምህርት የለ፣ ዝናቡ አያስወጣ፣ ደረጃ ላይ ተደርድረው ስልክ ላይ አፍጥጠው ነው የሚውሉት። ስልክ የሌለው ባለስልኩ ትከሻ ላይ ተደግፎ ያፈጣል። እኔና ሁለት ጓደኞቼ አዋጣንና ከመርካቶ ሁለት ቼዝ ገዛን። አስተማርናቸው። በሁለተኛው ሳምንት ትንሹ ልጅ አሸነፈኝ! በአንድ ፈረስ ንጉሤንና ንግሥቴን አንድ ላይ ያዘብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ "ፈረሱ" ሆኖ ቀረ።

ደረጃው ላይ ስንጫወት ጎረቤት ይረበሻል፣ እውነታቸውን ነው፣ ልጆቹ ይጮኻሉ። የኛ ቤት ባለ አንድ መኝታ ነው፣ እናቴ አለች፣ እንግዳ አለ። ስለዚህ ወረዳችን ውስጥ "የወጣቶች ማዕከል" የሚል ትልቅ ጽሑፍ ያለበት ግቢ እያለ ምን አስጨነቀን አልን። አንድ ክፍል፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ለሁለት ሰዓት። ይኼው ነው ጥያቄያችን።

በሩ ላይ ጥበቃው አስቆሙን።

"የት ናችሁ?"

"ማዕከሉን ልንጠቀም ነው ጋሼ።"

"ፕሮግራም አላችሁ?"

"የለንም። ቼዝ ልንጫወት ነው።"

እሳቸው ደግ ሰው ናቸው። ልጆቹን አዩና "እስቲ ቆዩ፣ ኃላፊውን ልጠይቅላችሁ" ብለው ገቡ። ሃያ ደቂቃ ካፊያ ላይ ቆምን። ፈረሱ ቼዙ እንዳይረጥብ ሹራቡ ውስጥ ደብቆታል።

ኃላፊው ወጣ። በዕድሜ ቢበልጠኝ አምስት ዓመት ነው። እኔ "እርስዎ" እላለሁ፣ እሱ "አንተ" ይለኛል።

"ከየት ነው የመጣችሁት?"

"ከዚሁ ከኮንዶሚኒየሙ።"

"ከየትኛው ተቋም ነው ያልኩህ።"

"ተቋም የለንም። የሰፈር ልጆች ነን።"

"ማነው ያደራጃችሁ?"

"ማንም አላደራጀንም።"

"ማንም ሳያደራጃችሁ ስምንት ሆናችሁ መጣችሁ?"

ወገኖቼ፣ ስምንት ሰው! ከስምንታችን አንዱ የወተት ጥርሱን ገና ነቅሎ አልጨረሰም! ሳጥኑን ከፍቼ አሳየሁት። አንድ ወታደር አንስቶ አገላበጠው፣ ሥሩን ሁሉ አየ። ከዚያ በጣም ከልቡ "ዓላማው ምንድን ነው?" አለኝ።

እኔ መልስ ስፈልግ ፈረሱ ቀደመኝ። "ንጉሡን መያዝ" አለ።

ልጁ የቼዙን ዓላማ የተጠየቀ መስሎት ነው። በትክክል ነው የመለሰው! ልጆቹ ሳቁ። ጋሼም ፊታቸውን አዙረው ሳቁ። ኃላፊው አልሳቀም። ወታደሩን ሳጥኑ ውስጥ ጣል አደረገና፣ "ደብዳቤ አምጡ። ከሚመለከተው አካል፣ ማኅተም ያለው፣ የስም ዝርዝር የተያያዘበት። ዛሬ ደግሞ አዳራሹ ተይዟል" አለ። እዚህ ድረስ እችለው ነበር። ለመሄድ ስንዞር ግን ልጆቹ እየሰሙ እንዲህ አለኝ፦

"አንተ ግን ይሄን የሚያክል ሰው ሆነህ ቅዳሜ ከሕፃናት ጋር ትውላለህ? ሥራ የለህም?"

ዝም አልኩ። የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው፣ ዝም ማለቴ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሒሳብ ስሠራ እውላለሁ። ቅዳሜዬ የራሴ ነው። ቅዳሜዬን ለሰፈሬ ልጆች ስሰጥ እንደ ቦዘኔ የሚያየኝ፣ እሱ የወጣት ጉዳይ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ነው!

አዳራሹን የያዘው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የመልስ ድግስ። ወንበሮቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል። ሙሽሮቹን እግዚአብሔር ይባርካቸው፣ እነሱ ላይ ምንም ቂም የለኝም። ግን በመስኮት አየሁ። የጠረጴዛ ቴኒሱ ላይ ድስት ተደርድሮበታል። "ቤተ መጻሕፍት" የሚለው ክፍል ጣሪያ ድረስ በፕላስቲክ ወንበር ተሞልቷል። ወንበሮቹ ላይ የተጠቀለለ ባነር አለ፣ ጫፉ ተፈትቶ "ወጣቱ የነገ ሀገር ተረ" የሚለው ይታያል። የቀረው ጥቅሉ ውስጥ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት ማለት ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለ ነው ይላል። ስለ ባህል፣ ስፖርትና መዝናኛ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። አንብቤዋለሁ። ያኔ ሕፃን ነበርኩ፣ ዛሬ 27 ዓመቴ ነው። ሁለት ዓመት ቀረኝ። ወጣትነቴ ደብዳቤ ስፈልግ ሊያልቅ ነው።

እስቲ "መዝናኛ" የሚለውን ቃል አስቡት። ከኛ ብሎክ እስከ ታክሲ ተራው ድረስ በእግራችሁ ሂዱና "መዝናኛ" የሚል ታፔላ ቁጠሩ። እኔ ዛሬ በንዴት ስመለስ ስድስት ቆጠርኩ። ስድስቱም ድራፍትና ጥሬ ሥጋ ናቸው። ቃሉን ራሱ ወሰዱብን! የማይጠጣ ልጅ የት ይዝናና? ካፌ እንዳትሉኝ። አንድ ማኪያቶ ይዘህ ትንሽ ከቆየህ አስተናጋጇ ጠረጴዛውን አራት ጊዜ ትወለውልልሃለች። እሷም አለቃዋ እያያት ነው፣ አልፈርድባትም። እኔ የምለው፣ ሳይገዙ የሚቀመጡበት ቦታ የለንም። ጣሪያ ያለው፣ መብራት ያለው፣ "ምን ልታዘዝ" የማይባልበት አንድ ቦታ!

ያለን ምንድን ነው? ፑል ቤት፣ ጆተኒ፣ ፕሌስቴሽን ቤት፣ ዲኤስቲቪ ቤት፣ ጫት ቤት። ቤቲንግ ደግሞ አለ። እዚያ ደብዳቤ አምጣ የሚልህ የለም። ማነው ያደራጀህ አይሉህም። አብሮ አደጋችን፣ ታውቁታላችሁ ስም አልጠራም፣ ከመሥሪያ ቤት እንደወጣ የሚገባው እዚያ ነው። የሊቨርፑልን አሰላለፍ ከእህቱ ልደት በላይ ያውቃል። "ለምን?" ስለው "ቢያንስ እዚያ ሰው አገኛለሁ" አለኝ። ብር አላለም፣ ሰው አለ። ይሄ አባባሉ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ኳስስ? አምና ልጆቹ መኪና ማቆሚያው ላይ ሲጫወቱ ኳሷ የአንድ ሰውዬ መኪና ነካች። ሰውየው ሮጦ ቤቱ ገባ፣ ቢላዋ ይዞ ወጣ፣ ኳሷን ሁለት ቦታ ቀዶ ወረወረላቸው። የብሎኩ ኮሚቴ ስብሰባ ጠራ። የተወሰነው ምን መሰላችሁ? "ኳስ መጫወት የተከለከለ ነው" የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። ሜዳው የነበረበት ቦታ ታጥሮ ሰው ሠራሽ ሣር ተነጠፈበት፣ ያምራል፣ ግን በሰዓት ነው የሚከራየው። እኛ ደመወዝተኞቹ አዋጥተን እንችላለን። የ14 ዓመት ልጅ ከየት ያመጣል?

ስለ ሴቶቹ ማን ያውራ? እህቴ 19 ዓመቷ ነው። ፑል ቤት ብትገባ ስሟ ይጠፋል፣ ደረጃ ላይ ብትቀመጥ ይጠሯታል፣ ካፌ ብቻዋን ብትቀመጥ አንዱ መጥቶ ይጎለታል። የሷ መውጫ ሰንበት ትምህርት ቤት ብቻ ነው። እዚያ ይዘምራሉ፣ ድራማ ይሠራሉ፣ ጓደኛ አላት። ሙስሊም ጓደኛዋም መስጊድ ሄዳ ነው ከእኩዮቿ ጋር የምትውለው። ቤተ እምነቶቹ ባይኖሩ እነዚህ ልጆች ከአራት ግድግዳ አይወጡም ነበር።

አንዳንዱ "ከተማው እኮ ተቀይሯል" ይለኛል። አዎ፣ አልክድም። አንድነት ፓርክ በ2012 ተከፈተ፣ እንጦጦ ፓርክ በ2013፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014፣ ሳይንስ ሙዚየም በ2015። አብርሆት ሄጄ አንብቤያለሁ፣ ውስጡ ስገባ ልቤ ሞልቷል። ግን ከእንጦጦ በቀር ሁሉም መሀል ከተማ ነው! ኮንዶሚኒየም የሠሩልን ዳር ላይ፣ መዋያውን የሠሩት መሀል ላይ። ከኛ ሰፈር አራት ኪሎ ለመድረስ ሁለት ታክሲ፣ ሲመለሱ ደግሞ የመገናኛ ሰልፍ። ሰባት ልጅ ይዤ በየሳምንቱ? በትራንስፖርቱ ብቻ ሦስተኛ ቼዝ ይገዛል።

ሰው ቦታ ካገኘ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አይተናል። በ2011 "መንገድ ለሰው" ሲጀመር ትዝ ይላችኋል? እሑድ ጠዋት መኪና ከመንገድ ወጣ፣ በቃ። ማንም ምንም ሳያዘጋጅ ልጁ በሮለር ስኬት ወጣ፣ ሽማግሌው በቱታ ወጣ፣ አስፋልት ላይ ገመድ ተዘለለ። እኔ ያን ቀን ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ኳስ ተጫውቼ ቤቴ ስገባ እግሬ ተልጦ ነበር፣ ግን እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ጥቂት ነው።

አባቴ የደርግን ዘመን ሲያነሳ ደስ ብሎት አያውቅም፣ ያጣቸው ጓደኞች አሉት። ግን የቀበሌውን የኪነት ቡድን ሲያወራ ፊቱ ይበራል። ክራር የሚመታው ጎረቤት ነበር፣ ልምምዱ ማታ ማታ ነበር፣ መጽሐፍ የሚዋሱባት አንዲት ክፍል ነበረች። ዛሬ የሆነውን ስነግረው ብዙ አልተናገረም። "ክፍሏ እኮ ትንሽ ነበረች" አለኝ። "ግን ቁልፉ እኛ ጋ ነበር።"

እኔ ምን ልበል? ሰኞ ሥራ አስፈቅጄ ደብዳቤ ልለምን? ከየት ነው የማስጽፈው? "እነዚህ ልጆች ልጆች ናቸው" የሚል ማኅተም የሚመታልኝ ማነው? ደክሞኛል። ግን ስንመለስ መንገድ ላይ ፈረሱ እጄን ያዘና "ጥፋቱ የኔ ነው አይደል? ንጉሡን ስላልኩ ነው" አለኝ። የ12 ዓመት ልጅ! "ያንተ ጥፋት አይደለም፣ በትክክል ነው የመለስከው" አልኩት። ያመነኝ አይመስለኝም።

ሦስተኛ ፎቅ ደረጃው መዞሪያ ላይ ያሉትን እማማ አሁን አንኳኩቼ አነጋገርኳቸው። እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት፣ ሳትጮኹ፣ ብለውናል። ነገ ከምሳ በኋላ ሁለቱንም ቼዝ እንዘረጋለን። ዳማ የሚችል ካለ ቆርኪ ይዞ ይምጣ። እህቶቻችሁንም ይዛችሁ ኑ። ደረጃው ስለሚበርድ የሚቀመጡበት ካርቶን አትርሱ፣ መብራት ከሄደ ደግሞ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ።