ቱርክ በ1962 (እ.ኤ.አ.) የራሷ ኒውክሌር አልነበራትም

ወንድሜ፣ የምትጽፈው ልብወለድ፣ ከኒውክሌር ጦርነት በኋላ አናቶሊያ ላይ የተረፈች የቱርክ ሪፐብሊክ፣ ሐሳቡ አሪፍ ነው። ግን «በ1962 በኩባው ፍጥጫ ጊዜ ቱርክ በራሷ ኒውክሌር ሞስኮን ትመታለች» ያልከው ብዙ ሰው የሚደጋግመው ስህተት ነው (ፍጥጫው ሶቪየት ኩባ ላይ በተከለቻቸው ሚሳኤሎች የተነሳ ከአሜሪካ ጋር የተፋጠጠችበት ነው)። በምዕራብ ቱርክ ኢዝሚር ከተማ አካባቢ የተተከሉት 15 ጁፒተር የተባሉ የአሜሪካ ሚሳኤሎች በወረቀት ለቱርክ ጦር ተላልፈው ነበር፣ ኒውክሌር አረሮቹ ግን በአሜሪካኖች እጅ ነበሩ። ለመተኮስ ሁለት ቁልፍ ያስፈልጋል፤ አንዱ በቱርኩ መኮንን እጅ፣ ሌላው በአሜሪካዊው። አንካራ ብቻዋን ብትቆጣ ምንም አታመጣም።

ደግሞ ሚሳኤሎቹ ጉድጓድ ውስጥ የተደበቁ አልነበሩም፤ ሜዳ ላይ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ነዳጃቸውም ፈሳሽ ስለሆነ ከመተኮሳቸው በፊት መሞላት ያለባቸው ነበሩ፣ ስለዚህ ጦርነት ቢነሳ ቀድመው ከሚመቱት ውስጥ ናቸው። ኢዝሚርም አብራ ትሄዳለች። አንተ እኮ ዋና ከተማ አድርገሃታል!

«የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቼቭ ከፍጥጫው ባዶ እጁን ተመለሰ» የሚለውም ልክ አይደለም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ወንድም ሮበርት ኬኔዲ ኦክቶበር 27 ማታ ለሶቪየቱ አምባሳደር ዶብሪኒን ጁፒተሮቹ እንደሚነሱ በምስጢር ነግሮታል፣ ኤፕሪል 1963 ላይም ተነሱ።

ዋና ከተማውን ሲቫስ አድርገው። የቱርክ ሪፐብሊክ መሥራች ሙስጠፋ ከማል በ1919 ጉባኤ ያካሄደባት ከተማ ስለሆነች ለታሪክህም ትመቻለች።