ፓስፖርት ያላወጡትስ?

አንድ ጸሐፊ ስለ ባዕድ ባህልና ምግብ ባወጡት ጽሑፍ «የባዕድ ባህል የሚገባህ ከአገር ስትወጣ ነው» ማለታቸው አልተዋጠልኝም። እዚሁ ፒያሳ ቁጭ ብሎ የተለወጠ ስንት ሰው አለ!

እናቴን ልጥቀስ። በ2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሐዲዱ ሲዘረጋ ቻይናዎቹን በዓይኗ ማየት አትፈልግም ነበር። «ያገኙትን ሁሉ ይበላሉ» ትላለች። ወሬ ሰምታ እንጂ አይታ አይደለም። በኋላ አንዱ ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት ደጃችን ካለችው ጀበና ቡና መምጣት ጀመረ። ሲኒውን በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ጎንበስ ብሎ ይመልሳል። እናቴን የገዛት ይቺ ናት። «ሥርዓት ያለው ልጅ ነው» አለች። ምግባቸውን ግን እስከ ዛሬ አትነካም፤ የአሳማ ነገርማ ጨርሶ አይነሳባት! መብቷ ነው። ማክበር ሌላ፣ መብላት ሌላ።

ከተማዋም እንደ እናቴ ናት። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን ከኢየሩሳሌም አስመጡ፤ የሙዚቃ ጓድም ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሰው ዜማ እስከ አብዮቱ ድረስ ብሔራዊ መዝሙራችን ነበር። ፓስታማ በእንጀራ ተጠቅልሎ የጾም ምሳ ከሆነ ቆየ፤ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅም የለም።

በአንድ ነገር ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው። ምግቡን ቶሎ እንለምዳለን፣ ሰውየውን ግን ገና ነን። ባለፈው ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ልጆች አንዱን መንገደኛ «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ተከተሉት። ዞር ብሎ ጥርት ባለ አማርኛ «ኮሪያዊ ነኝ፣ ደግሞም ቸኩያለሁ» አላቸው።