የዶሮው ካሳ በሽታው ሳይመጣ ይነገረን

መስከረም ሲያልፍ ሐዋሳ ሐይቅ እንግዳ ይበዛበታል። ብርድ ሸሽተው ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ የውሃ ወፎች ስምጥ ሸለቆን ይዘው ይወርዳሉ። ዝዋይ ያርፋሉ፣ አብያታ ያርፋሉ፣ እኛም ጋ ይደርሳሉ። እስከ መጋቢት ድረስ እዚሁ ናቸው።

ለጎብኚ ደስ ይላል። ለዶሮ አርቢ ግን ሌላ ነገር አለው። የወፍ ጉንፋንን ከአገር አገር የሚያሻግሩት በዋናነት የውሃ ወፎች ናቸው። የዱር ዳክዬ ቫይረሱን ይዞ ሳይታመም ሊበር ይችላል። በኩሱ ያወጣዋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ደግሞ ለሳምንታት ሳይሞት ይቆያል።

ታዲያ ወፎቹን እናባር? አይሆንም። ቫይረሱን ከሐይቁ ዳር አንስቶ ዶሮ ቤት የሚያደርሰው ብዙውን ጊዜ ሰው ነው። ጫማው ነው፣ የባጃጁ ጎማ ነው፣ ከአንዱ እርባታ ወደ ሌላው የሚዞረው የመኖ ጆንያ ነው። እኔን ከሁሉም የሚያሳስበኝ የካርቶን የእንቁላል ትሪ ነው። ከእርባታው ወደ ሱቅ ይሄዳል፣ ባዶውን ይመለሳል፣ ከዚያ ለሌላ አርቢ ይሸጣል። ኩስ እንደተለጠፈበት። ካርቶን ደግሞ አይታጠብም። የፕላስቲክ ትሪ መግዛት፣ በር ላይ የጫማ መንከሪያ ማስቀመጥ፣ ለዶሮ ቤት ብቻ የሚደረግ ቦቲ መያዝ፣ ይሄ ሁሉ ብዙ ብር አይጠይቅም። ቫይረሱ በተራ ሳሙናም ይሞታል። በየሥልጠናው የሚነገር ስለሆነ አልደግመውም።

በየሥልጠናው የማይነገረው የገንዘቡ ጉዳይ ነው፤ በሽታውን ለማስቆም ዶሮዎቹ ሲገደሉ ለአርቢው የሚገባው ካሳ።

ቱላ አካባቢ በብድር የ45 ቀን ጫጩት ያስገባች አንዲት አርቢ አስቡ። መኖው ተወዷል፣ ዶሮዎቿ ገና እንቁላል መጣል ጀምረዋል። አንድ ጠዋት ስትገባ አሥሩ ሞተዋል፣ የሌሎቹ ኩክኒ ጠቁሯል። ፈንግል ይሆናል ትላለች። ሊሆንም ይችላል፤ ፈንግልና የወፍ ጉንፋን በዓይን አይለዩም። የሚለያቸው ላቦራቶሪ ነው። ናሙናው ሰበታ ወዳለው ላቦራቶሪ ሄዶ ውጤቱ እስኪመጣ ምን ታደርጋለች? ለእንስሳት ሐኪም ብትደውልና በሽታው ቢገኝ የቀሩት ዶሮዎች በሙሉ ይገደላሉ። ዕዳው ግን አይገደልም። ስለዚህ ደህና የሚመስሉትን በዚያው ቀን ለነጋዴ ትሰጣለች። ዶሮዎቹ እግራቸው ታስሮ በመኪና ተጭነው ሻሸመኔ ይገባሉ። የሞቱት ቆሻሻ መጣያ ላይ ይጣላሉ፤ ውሻና አባ ኮዳ ይቀራመታቸዋል።

ይህችን ሴት መውቀስ ቀላል ነው። እኔ ብሆንም ያንኑ የማደርግ ይመስለኛል።

ይሄ በሌላ አገር የታየ ነው። ኤች5ኤን1 የሚባለው የወፍ ጉንፋን ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1996 ቻይና ውስጥ ዝይ ላይ ተገኘ። በ2006 አፍሪካ ገባ፤ መጀመሪያ ናይጄሪያ፣ ወዲያው ግብጽ፣ ከዚያ ጎረቤቶቻችን ሱዳንና ጅቡቲ። ግብጽ መጀመሪያ ላይ ካሳ ከፈለች፣ ብዙም ሳይቆይ ቀረ። አርቢውም ዝም አለ። በ2008 በሽታው ከአገሪቱ የማይነቀል ሆኗል ተባለ። እኛ ያኔ አመለጥን። በ1998 ዓ.ም. ጉራጌ ውስጥ ባለ አንድ እርባታ ዶሮዎች ሲያልቁ ጥርጣሬ ተነስቶ ነበር፤ ምርመራው ነፃ ነው አለ። ወሬው ብቻ ግን የዶሮና የእንቁላል ገበያውን አቀዘቀዘው።

ስለዚህ የምለው አንድ ነው። የካሳው መጠን በሽታው ሳይገባ ይወሰን፣ አርቢውም አስቀድሞ ይወቀው። አከፋፈሉ ደግሞ ብልሃት ይፈልጋል። በሪፖርቱ ዕለት በሕይወት ላለ ዶሮ ይከፈል፣ ለሞተው አይከፈል። ያኔ አርቢው በቆየ ቁጥር የሚያጣው እሱ ነው፤ ለመደወል ይቸኩላል። የተመዘገበ እርባታ ብቻ ይካስ ከተባለ ደግሞ ዛሬ መዝገብ የሚሸሸው ሁሉ ራሱ ይመጣል። ጓሮዋ ውስጥ አራት ዶሮ ያላት እናትስ? እሷን ለመመዝገብ የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ፈንግል ሊከትብ ሲዞር ቆጥሮ መጻፍ ይበቃዋል።

መንግሥት ገንዘብ ከየት ያመጣል የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን አንድ እርባታ መካስ እና ለገና ዶሮ በየመንገዱ ሲጓዝ የተሰራጨን በሽታ ማሳደድ ወጪያቸው አይገናኝም። የገና ገበያ የሚደራው ደግሞ ልክ ወፎቹ ሐይቁ ላይ ባሉበት ወቅት ነው። ከእያንዳንዱ የሚሸጥ ጫጩት ላይ ትንሽ ሳንቲም እየተቆረጠ ቢጠራቀምም ጥሩ መነሻ ይሆናል።

የሰው ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ በዓለም ላይ በዚህ ቫይረስ መያዛቸው ከተረጋገጠ ከ900 በላይ ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሞተዋል። አብዛኞቹ የታመመ ወይም የሞተ ዶሮ የነኩ ናቸው። ዶሮ ወጥን ማንም እንዳይነካብኝ! ቫይረሱ 70 ዲግሪ ላይ ይሞታል፣ የኛ ወጥ ደግሞ ሰዓታት ይንተከተካል። አደጋው ሲታረድና ሲነጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ የወተት ላሞችም ላይ ተገኝቷል፤ ጥሬ ወተት የለመድን ሰዎች ማፍላት ብንጀምር አንከስርም።

የሲዳማ ክልል ግብርና ቢሮ ከወፎቹ ቀድሞ ይሄን ቢጨርስ ደስ ይለኛል። የሚደወልበት ስልክ ቁጥርና ለአንድ ዶሮ የሚከፈለው ብር ጫጩት ሲከፋፈል አብሮ ይሰጥ። የክትባት ካርዱ ጀርባ ላይ ቢታተም ሌላ ወረቀትም አያስፈልገውም።