ባለቤቱ እንጂ ታሪፉ አልተሸጠም

«የውጭ ኩባንያ የውሃ ድርጅቱን ከገዛ በማግስቱ ዋጋውን እንዳሻው ይቆልላል» ላልከው ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላስተካክል። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያስበው።

የጠቀስከው የጀርመኑ የኃይል ኩባንያ አርደብሊውኢ (RWE) እ.ኤ.አ. በ2003 የገዛው የአሜሪካውን የውሃ እናት ኩባንያ፣ አሜሪካን ዋተርን ነው። ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ውሃ የምታገኘው ከአሜሪካን ዋተር ቅርንጫፍ ነው። ባለቤቱ ሲቀየር ታሪፉን የሚወስነው አካል ግን አልተቀየረም። ያው የግዛቲቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ነው። ኩባንያው ጭማሪ ከፈለገ ወጪውን አስረድቶ ያመለክታል። ኮሚሽኑ ሊቀንስበትም ሊከለክለውም ይችላል።

ዋጋ አይጨምርም እያልኩ አይደለም። ይጨምራል እንጂ! ቱቦ ያረጃል፤ ለመተካት የወጣው ገንዘብ ከነትርፉ ቢልህ ላይ ይመጣል። ባለቤቱ አሜሪካዊ ቢሆንም ያው ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ዕዳው ነው። የለንደኑን ቴምስ ዋተር ተመልከት። ባለቤቱ የነበረው አርደብሊውኢ በ2006 የአውስትራሊያው የኢንቨስትመንት ድርጅት ማኳሪ ለሚመራው ቡድን ሸጠው፤ ከዚያ ዕዳው ተከመረ። የእንግሊዝ የውሃ ተቆጣጣሪው ኦፍዋት ታሪፉን ይዞት ነበር፣ የዕዳውን ክምር ግን አላስቆመም።

ስለ አሜሪካን ዋተር «አሁንም የጀርመኖች ነው» ያልከውም ጊዜው አልፎበታል። አርደብሊውኢ በ2009 ከአሜሪካን ዋተር ጠቅልሎ ወጥቷል።