ሁሉም ስላለበት ማንም የማያወራለት ቫይረስ

ደሴ፣ አንዲት ጎረቤቴ ቤት ቡና ላይ ነበርን። ቶናው ሊቀዳ ሲል ሲኒ የያዘችው ልጅ ተደናቀፈችና ሲኒው ሁሉ ሲሚንቶው ላይ ተንኮታኮተ። ሁላችንም ብድግ አልን። ጀርባውን ሰጥቶን በቆርኪ የሚጫወተው የሁለት ዓመት ልጅ ግን ዞር እንኳ አላለም። የእናቱ ፊት ልውጥ ሲል አየሁት። ይሄኔ አንዲት ትልቅ ሴት "አብሽሪ፣ ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው፣ አባቱም እንዲሁ ነበር" አሏት። ወሬው ወደ ጤፍ ዋጋ ዞረ።

ለእኔ ግን አልዞረልኝም።

ልጅ የማይሰማበት ምክንያት ብዙ ነው። ማጅራት ገትር አለ፣ የጆሮ ኢንፌክሽን አለ፣ በዘር የሚመጣም አለ። ቡና ላይ ስሙ ተነስቶ የማያውቅ ደግሞ አለ፤ ሳይቶሜጋሎቫይረስ፣ ባጭሩ ሲኤምቪ። በዘር ከማይመጡት የሕፃናት የመስማት ችግር መንስኤዎች ከፊተኞቹ አንዱ ነው።

ስሙን ሰምተነው የማናውቀው ብርቅ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። የብዙ አገር ጥናቶችን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ስሌት እንደሚለው ከዓለም ሕዝብ 83 በመቶው፣ ለመውለድ ከደረሱ ሴቶች ደግሞ 86 በመቶው ይህ ቫይረስ አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት አገሮችን በሚከፍልበት አከፋፈል ብናየው፣ አውሮፓ 66 በመቶ ላይ ነው፣ የምሥራቅ ሜዲትራኒያን አገሮች 90 በመቶ ይደርሳሉ። አሜሪካ ውስጥ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ቫይረሱ የያዛቸው ልጆች ከሦስት አንድ ያህል ናቸው። እዚያ ግማሹ ሕዝብ የሚይዘው እስከ 40 ዓመቱ ባለው ጊዜ ነው፤ በድሃ አገር ግን አብዛኛው ሰው ገና በልጅነቱ ይዞት ያድጋል።

ልዩነቱን የሚያመጣው በዋናነት አኗኗር ነው። ቫይረሱ በምራቅ፣ በሽንት፣ በእናት ጡት ወተት፣ በደም፣ በግብረ ሥጋም ይተላለፋል። የያዘው ትንሽ ልጅ ደግሞ ምንም ሳያመው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በምራቁና በሽንቱ ይረጨዋል። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆኖ የሚያድር ቤተሰብ፣ በአንድ ማንኪያ የሚበሉ ልጆች፣ አላምጣ የምታጎርስ አያት ካሉ ቫይረሱ ሌላ መንገድ አያስፈልገውም። (ጡት ማጥባትን ግን እንዳትነኩ! በጊዜው የተወለደ ሕፃን በወተት ቢይዘው አይጎዳውም። ጥንቃቄ የሚያሻው ጊዜው ሳይደርስ ለተወለደ ጨቅላ ነው።) ጤነኛ ሰው ከያዘው ትንሽ ትኩሳት፣ ትንሽ ድካም፣ በቃ። ከዚያ ሰውነት ውስጥ ዕድሜ ልክ ይተኛል። የሚነቃው አቅም ሲዳከም ነው። ኤችአይቪ ኖሮበት ሲዲ ፎሩ (በሽታ ተከላካይ ሴሎቹ ቁጥር) ከ50 በታች የወረደ ሰው ዓይኑን ሊያጣ ይችላል።

"ታዲያ እናቶቻችን ሁሉ ድሮ ከያዛቸው ፅንሱ ተጠብቋል ማለት ነዋ!" የሚል አይጠፋም። ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ያስቡ ነበር። ግማሽ እውነት አለው። ቫይረሱ በእርግዝናዋ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዛት ሴት ወደ ፅንሱ የማስተላለፍ ዕድሏ ከሦስት አንድ ገደማ ነው። ድሮ የያዛት ግን የተኛው ነቅቶ ወይም ሌላ ዝርያ ተጨምሮባት የምታስተላልፈው ከመቶ አንድ ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን ከመቶ እናት አብዛኛዋ "ድሮ የያዛት" ስትሆን ያ አንድ በመቶ ብዙ ልጅ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ማጠቃለያ ጥናት ይህንኑ አሳይቷል፤ በሀብታም አገሮች ከ1,000 ሕፃናት 5 ያህሉ ቫይረሱን ይዘው ሲወለዱ በድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች 14 ናቸው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ደህና ሆነው ያድጋሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ጆሯቸው ይጎዳል።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ሕፃኑ ከማህፀን ይዞት መምጣቱ የሚታወቀው በተወለደ በ21 ቀን ውስጥ ምራቁ ወይም ሽንቱ ከተመረመረ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ቢገኝበት ከጡት ይሁን ከእህቱ ማንኪያ ማን ይለየዋል? ሁሉም ሰው ያለበት ቦታ ላይ "አለበት" የሚል ውጤት ምንም አይነግርህም። እስቲ የእኛን ቀናት ቁጠሩ። አቂቃ በ7ኛው ቀን ነው። ክርስትና ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን። ክትባትም እንደተወለደ ከተሰጠ በኋላ የሚቀጥለው በስድስት ሳምንት ነው። 21ኛው ቀን በመሃል ሾልኮ ያልፋል። የዚያች ጎረቤቴ ልጅ አሁን የትም ቢወሰድ ጆሮውን ይመረምሩለታል፤ መርዳትም ይቻላል። ሲኤምቪን ከማህፀን ይዞት መጥቶ ይሆን የሚለው ጥያቄ ግን ተዘግቷል።

አሜሪካ ውስጥ የሚኒሶታ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የሚወለደውን ሕፃን ሁሉ ለሲኤምቪ ትመረምራለች። እኛ እዚያ ላይ አይደለንም፣ አውቃለሁ። ግን የተኛ ሕፃን ጆሮ ላይ በደቂቃዎች የሚያልቅ የመስማት ምርመራ አለ። ቢያንስ እሱ ከወሊድ ክፍል ሳይወጡ ይደረግ፤ ያላለፈው ሕፃን ምራቁ በጥጥ ይወሰድ። መመርመሪያው ለኮሮና የለመድነው ፒሲአር ነው። ምልክት ላለበት ሕፃን ቶሎ ከተጀመረ የሚረዳ መድኃኒትም አለ። ክትባት ግን እስካሁን የለውም።

እስከዚያው እርጉዝ ለሆነች፣ በተለይ ትንሽ ልጅ ላላት፣ ሽንት ጨርቅ ከቀየረች በኋላ እጇን በሳሙና ትታጠብ። ልጇን ከንፈሩን ትታ ግንባሩን ትሳም። ከእሱ አፍ የወጣ ማንኪያ ወደ አፏ አታስገባ።

ይህንን ለሌላዋ ጎረቤቴ ነገርኳት። ስምንተኛ ወሯ ነው፣ ትልቁ ልጇ ገና ሁለት ዓመቱ። እሱ የተወውን ፍርፍር በእሱው ማንኪያ እየጨረሰችለት ነበር።

"እና ልድፋው? ጤፍ በዚህ ዋጋ!" ብላ ሳቀችብኝ።

ተነስታ ግን ሌላ ማንኪያ አመጣች።