«በያጅ ነኝ» ወይስ «ብየዳ እሠራለሁ»?

የመከራከሪያ ሐሳብ፦ ሠራተኛ ሥራውን ከማንነቱ ለይቶ መያዝ አለበት።

የሰው ኃይል ባለሙያዋ (ደጋፊ)፦
«ማን ነህ?» ሲባል የሥራ መደቡን የሚናገር ሰው መደቡ ሲታጠፍ ምን ሊል ነው? ጡረታ እንደሆነ 60 ሲሞላ አይቀርም። ለሥራና ለቤት ሁለት ሲም ካርድ ይያዝ። ከ12 ሰዓት በኋላ የመሥሪያ ቤቱን የቴሌግራም ግሩፕ ድምፅ ያጥፋ። ከ16 የሥራ ቀን የሚጀምረውን የዓመት ፈቃዱን ሳያሸራርፍ ይውሰድ። እድር ላይ «ኢንጂነር እገሌ» መባሉ ይቅርበት፣ ስም አለው።

የብየዳ አሠልጣኙ (ተቃዋሚ)፦
ሲም ካርድ ላይ አልከራከርም። 7018 የሚባለው ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ቀልጦ ብረት የሚያያይዘው የብየዳ ዘንግ፣ ግን እርጥበት ይስባል፤ ፓኮው ከተከፈተ በኋላ 120 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ ምድጃ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ውጭ ያደረውም ይበይዳል፤ ብየዳው ላይ የሚደርቀውን ቅርፊት በመዶሻ ሲያራግፉት ያምራል። ከእርጥበቱ የወጣው ሃይድሮጅን ግን ብረቱ ውስጥ ይገባና ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ የብየዳውን ጠርዝ ይሰነጥቀዋል። ማንም ሳያየው ያንን ኤሌክትሮድ ወደ ጎን የሚያደርገው «በያጅ ነኝ» የሚለው ነው። «ብየዳ እሠራለሁ» ባዩ ይለኩሰዋል።

ደጋፊ፦
«ማንም ሳያየው»! ለምን አያየውም? ተቆጣጣሪው የት ሄደ? ኤሌክትሮዱስ ውጭ እንዲያድር ማን ፈቀደ? አሠሪው የቁጥጥር ወጪውን በሠራተኛው ኩራት ሸፈነዋ! ይኸው ኩሩ በያጅ ደግሞ ሲያመሽ የትርፍ ሰዓት ቅጽ መሙላት ያፍራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በሥራ ቀን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት 1.5 እጥፍ፣ በሳምንት እረፍት ቀን 2 እጥፍ ይላል። እሱ «የራሴ ሥራ ነው» ብሎ በነጻ ይጨርሰዋል።

ተቃዋሚ፦
እህቴ፣ ኩራታችንን ሞኝነት አደረጉት። ምድጃው ተሰክቶም ክዳኑን ከፍቶ የሚሄድ አለ። ተቆጣጣሪ በዓይኑ የሚያየው የላዩን ነው። የውስጡን ለማየት አልትራሳውንድ ወይም ኤክስሬይ ይፈልጋል፤ ለአንድ የውኃ ታንከር መቆሚያ ማን ያመጣልዎታል?

ደጋፊ፦
ታንከሩ የሚወድቀው ሰው ላይ ከሆነ ይምጣ እንጂ! ደግሞ ሙያን ማንነት ማድረግ ለዚህ አገር ብርቅ አይደለም። ብረት ሠሪውን «ቀጥቃጭ» ብለን ከነዘሩ አግልለነዋል። አጼ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብ በአዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ።

ተቃዋሚ፦
ያ እናንተ ያወጣችሁልን ስም ነው፤ እኔ የማወራው እኛ ስለያዝነው ነው። ስድቡን ፈርቶ መዶሻውን ቢጥል ማረሻችሁን ማን ይሠራላችሁ ነበር?

ደጋፊ፦
ማረሻውን መሥራቱን ማን ካደ? የተካደው ዋጋው ነው። ስለ ትርፍ ሰዓቱ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። የዚያ ምድጃ ክዳን የማን ኃላፊነት እንደሆነስ በሥራ መዘርዝሩ ላይ ተጽፏል ወይስ አልተጻፈም?